መብቱ ቀድሞ፥ ወረቀቱ ተከትሎ

በወርኃ ጽጌ በአንዲት እሑድ፥ ከአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ ሠፈር ከለቅሶ ቤት ወጥተው፥ በሃርለምና በላይደን አድርጎ ወደ ሔግና ወደ ሮተርዳም በሚወርደው ባቡር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተነጋገሩት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አንደኛው በደርግ ዘመን ተሰድደው ወደ ኔዘርላንድ የገቡ፥ ጡረታ እስኪወጡም ድረስ በሔግ ከተማ ለስደተኞች በአስተርጓሚነት ያገለገሉ አዛውንት ናቸው፤ ሁለተኛዋ ጎንደር ተወልዳ በስቶክሆልም ያደገች፥ የስዊድን ዜግነት ያላት፥ በሮተርዳም የምትሠራ ነርስ ናት። የአገራችን አዋጆች ሲቀሩ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገረ ነው።

ነርሷ፦ አባባ፥ በለቅሶ ቤት ማንሣቱ ነውር መስሎኝ ዝም አልሁ እንጂ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ የዋለ ነገር ነበር። እናቴ ጎንደር ታማለች፤ ሕመሙም በአንድ ክረምት የሚያልፍ አይደለም። ስለዚህ ሥራዬን ለቅቄ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አጠገቧ ልሰነብት ቈርጫለሁ። የሚያስፈራኝ ግን እዚህ የደከምሁበትን ሁሉ ውኃ እንዳይበላው ነው። አንዱ ባልደረባዬ የዘላቂ መኖሪያ ወረቀት ሳታወጪ ከሄድሽ ስትመለሺ ከአንድ ጀምረሽ ትቈጥሪያለሽ ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ አንቺ የአውሮፓ ዜጋ ሆነሽ ወረቀት ምን ያደርግልሻል እያለ ይስቅብኛል።

አዛውንቱ፦ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፥ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሹን ነው የያዙት። ነገሩ ተመልሶ ስለ መግባት ብቻ ከሆነ ሥጋት አይግባሽ፤ እዚሁ አገር በማስትሪኽት ከተማ በ1992 በተፈረመው ውል የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ከተደነገገ ወዲህ፥ የአንዱ አባል አገር ዜጋ በሌላው ገብቶ ለመቀመጥ መብት አለው። ነገር ግን መቀመጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሦስት ወር በላይ የሚቀመጥ የኅብረቱ ዜጋ ወይ ሠራተኛ፥ ወይ በግል ሥራው የሚተዳደር፥ ወይ ተማሪ፥ ወይም በመንግሥት ላይ ሸክም ሳይሆን የሚኖርበት ገንዘብና የጤና መድን ያለው መሆን ይገባዋል፤ ከእነዚህ ከአንዱም ሳይሆን ቀርቶ ከማዘጋጃ ቤቱ የድጎማ ገንዘብ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ ኢ.ኤን.ዴ. የሚሉት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የመኖር መብቱን ሊመረምርበት፥ ሲከፋም ሊያነሣበት ይችላል። ዘላቂ መኖሪያ ያለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይጠየቅም፤ ሥራ ቢያገኝ ቢያጣ፥ ቢታመም፥ ቢደኸይ፥ መኖሩ የጸና ነው፤ የሕዝብን ጸጥታ የሚያውክ ከባድ ምክንያት ካልተገኘበት በቀርም ከአገር አይወጣም።

ነርሷ፦ የእኔም ፍርሃት እዚያው ላይ ነው። ከጎንደር ስመለስ ሥራ አይኖረኝም፤ እስካገኝም ወራት ይሄዱ ይሆናል። ሕጉ አምስት ዓመት ሳያቋርጡ መኖርን ይጠይቃል ተባልሁ፤ እኔ ደግሞ አቋርጫለሁ። በ2022 እናቴ መጀመሪያ የታመመች ጊዜ፥ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ከማርች እስከ ኦክቶበር ሰባት ወር አገር ቤት ቈየሁ። ከመሄዴ በፊት ኼሜንተ የሚሉትን ማዘጋጃ ቤት ጠይቄ ነበር፤ ከነዋሪዎች መዝገብ መሰረዝ ያለበት በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከስምንት ወር በላይ ውጭ የሚቈይ ሰው ነው ስላሉኝ ተረጋግቼ ሄድሁ። አሁን የኅብረቱ ሕግ የሚፈቅደው ስድስት ወር ብቻ ነው ይሉኛል።

አዛውንቱ፦ ብዙ ሰው የተሰናከለባት ደንጊያ ይህች ናት። የነዋሪዎች መዝገብና የመኖር መብት ሁለት ልዩ ልዩ ሕጎች ናቸው፤ መዝገቡ የሚሻው የት እንደምታድሪ ማወቅ ነው፥ የመብቱ ሕግ ግን ከአገሩ ጋር ያለሽን ትሥሥር ይመዝናል፤ ሁለቱም ወር ይቈጥራሉ፥ ቍጥራቸው ግን አይገናኝም። በኤፕሪል 29 ቀን 2004 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ በ16ኛው አንቀጹ የሚደነግገው እንዲህ ነው። አምስት ዓመት ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ የኖረ የኅብረቱ ዜጋ ዘላቂ የመኖር መብት አለው፤ በዓመት በጠቅላላው ከስድስት ወር የማያልፍ መለየት መቋረጥ አይባልም፤ የግዴታ ውትድርናም እንደዚሁ፤ ደግሞም እንደ ወሊድ፥ እንደ ከባድ ሕመም፥ እንደ ትምህርት ባለ ብርቱ ምክንያት፥ አንድ ጊዜ፥ በተከታታይ እስከ ዐሥራ ሁለት ወር መለየት ይፈቀዳል።

ነርሷ፦ ከባድ ሕመም የሚለው የራስን ብቻ ነው ወይስ የእናትንም ይጨምራል?

አዛውንቱ፦ ሕጉ ምሳሌ ሰጠ እንጂ ዘግቶ አልቈጠረም፤ ስለዚህ የእናት ሕመም ብርቱ ምክንያት ነው ብሎ መሟገት ይቻላል። ነገር ግን ወደ ሙግቱ ሳንገባ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ወደ ሮተርዳም የመጣሽው መቼ ነው?

ነርሷ፦ በማርች 2015።

አዛውንቱ፦ ከዚያ እስከ 2022 ድረስ ከስድስት ወር በላይ የተለየሽበት ዓመት አለ?

ነርሷ፦ የለም። ለገና እየሄድሁ ቢበዛ አንድ ወር ነው የምቈየው።

አዛውንቱ፦ እንግዲያውስ፥ ልጄ፥ መብቱን ያገኘሽው በማርች 2020 ነው። ያ ወር ደግሞ ለነርስ የሚረሳ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱና ምግብ ቤቱ የተዘጋበት፥ ሰው ሰውን የሸሸበት ወር ነው። አንቺ አፍንጫና አፍሽን ሸፍነሽ በበሽተኞች አልጋ መካከል ስትመላለሺ አምስተኛው ዓመት ሞላ፤ ደብዳቤ አልመጣልሽም፥ አንቺም አልጠየቅሽም፥ መብቱ ግን በሕጉ ኃይል በራሱ ደረሰሽ። እንግዲህ በ2022 የሆነው የሰባት ወር መለየት በመጀመሪያው መስፈሪያ አይሰፈርም፤ አንድ ጊዜ የጸና ዘላቂ መብት የሚጠፋው በተከታታይ ከሁለት ዓመት በላይ ከአገሩ በመለየት ብቻ ነውና። ዓመት ከመንፈቅም ቢሆን ከዚያ በታች ነው።

ነርሷ፦ ያላመለከትሁበትን ነገር ማን ሰጠኝ ልበል? እኛ አገር መንግሥት የሚሰጠውን ለማግኘት ደጅ መጥናት ያስፈልጋል፤ ደጅ ሳይጠኑ የተገኘ ነገር እንዴት ይታመናል?

አዛውንቱ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ለሚኖር ሰው እዚህም ቢሆን ነገሩ ደጅ ጥናት ነው፤ አምስት ዓመት ይኖራል፥ ቋሚ ገቢ ያሳያል፥ የቋንቋውንና የአገሩን ልማድ ፈተና ያልፋል፥ ያመለክታል፥ ባለሥልጣኑም ይፈቅድለታል ወይም ይከለክለዋል። የአንቺ ግን ፈቃድ አይደለም፤ መብት ነው። ወረቀቱ ያለውን ይመሰክራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም፤ መመሪያውም ወረቀት መያዝ መብትን ለመጠቀም ቅድመ ግዴታ አይደለም ብሎ ጽፎታል። ይህን ለመረዳት ከጎጃምና ከጎንደር ባላገር የበለጠ የተዘጋጀ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የርስት ባለመብትነት ከአባት ከአያት በትውልድ የሚወርድ ነበር እንጂ ዳኛ የሚሰጠው አልነበረም፤ ዳኛው የሚሠራው ትውልዱን የቈጠረውንና ምስክር የጠራውን ሰምቶ፥ ቀድሞም ያንተ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ትውልድ ቈጥሮ ምስክር መጥራት ያልቻለ ባለርስት ዘመዱ እያረሰ እሱ ቆሞ ያይ ነበር። አባቶች ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ቢሉም፥ ሺሁን ዓመት ቆሞ የሚጠብቅ ምስክር አልነበረም። እዚህ ደግሞ በሺሁ ዓመት ፈንታ ሁለት ዓመት ነው።

ነርሷ፦ እንግዲህ መብቱ በእጄ ካለ ወረቀቱን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ከጎንደር ስመለስ፥ ካስፈለገ፥ አመለክታለሁ።

አዛውንቱ፦ የምነግርሽ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መብቱ አያረጅም፥ ምስክሮቹ ግን ያረጃሉ። እስቲ ያ የያዝሽው ማኅደር ይታይ። ይህ የስዊድን ፓስፖርትሽ ነው፤ በየዓመቱ የተመታበት የቦሌ ማኅተም ይታያል፤ አንዱ ደብዝዟል እንጂ የመግቢያና የመውጫው ቀን ይነበባል። ይህ ከኼሜንተ የወሰድሽው፥ የኖርሽባቸውን አድራሻዎች በተራ የሚያሳየው ግልባጭ ነው። ይህ የጤና መድን ውል ነው። የዓመት የደመወዝ መግለጫ፥ 2015፥ 2017፥ 2018፥ 2019። የ2016ቱስ የት አለ?

ነርሷ፦ በ2016 መጀመሪያ የነበርሁበት የአረጋውያን መጦሪያ ኮንትራቴን አላደሰልኝም። ሦስት ወር ሥራ ፈትቼ ከቈየሁ በኋላ በአንድ የሠራተኛ አከራይ ድርጅት በኩል በየሳምንቱ በተለያየ ቦታ ስሠራ ነበር። ድርጅቱ ከተዘጋ ቈየ፤ ወረቀቱም ቤት ስቀይር የጠፋ ይመስለኛል።

አዛውንቱ፦ የኢ.ኤን.ዴ. መርማሪም እጁን የሚያሳርፈው እዚያው ላይ ነው። ዘላቂ መብት የሚያስገኘው የአምስት ዓመት መኖር ሁሉ አይደለም፤ ሠራተኛ ወይም ቀደም ብዬ ከቈጠርሁልሽ አንዱን ሆኖ የኖሩት አምስት ዓመት ነው፤ በሉክሰምቡርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2011 በሁለት የፖላንድ ተወላጆች ጉዳይ ይህን አጥብቆ ፈርዶበታል። አንቺ እንግዲህ ያን ጊዜ ሠራተኛ እንደ ነበርሽ ማሳየት አለብሽ። ሥራ በፈታሽባቸው ሦስት ወራት ለሥራ ፈላጊነት ተመዝግበሽ ነበርን?

ነርሷ፦ ኡ.ዌ.ፌ. ወደሚሉት የሥራ አጥ ክፍያ መሥሪያ ቤት ሄጄ ተመዝግቤአለሁ። ጥቂት ወር የሥራ አጥ ክፍያም ተከፍሎኛል።

አዛውንቱ፦ እሰይ! ያለ ፈቃዱ ሥራ ያጣና ለሥራ ፍለጋ የተመዘገበ የኅብረቱ ዜጋ የሠራተኛነቱን መዓርግ አያጣም፤ ከአንድ ዓመት በታች የሠራ እንኳ ቢያንስ ለስድስት ወር ይጠበቅለታል። ስለዚህ ሦስቱ ወራት ድልድይ አላቸው። በአከራዩ ድርጅት በኩል የሠራሽውን ደግሞ ያው ኡ.ዌ.ፌ. የሚሰጠው የሥራ ታሪክ ዝርዝር ያሳየዋል፤ ዲጊዴ የሚሉትን የመንግሥት ድረ ገጽ መግቢያ መለያሽን ይዘሽ ከድረ ገጹ ታወጪዋለሽ። ያ ባይኖር ኖሮ ግን አስቢው፤ በዚህ አገር ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን እንዲያኖር የሚገደደው ሰባት ዓመት ነው። የ2016 መዝገብ ጊዜው አልፎበታል፤ ድርጅቱ እንኳ ሳይዘጋ ቢቀር መዝገቡን ባቃጠለው የሚወቅሰው የለም። አሁን ባታመለክቺና ከሁለት ዓመት በኋላ ብትጠይቂ፥ ያን ጊዜ ማን ይመሰክርልሻል? ደግሞም ከሄድሽ በኋላ፥ ከስምንት ወር በላይ ስለምትቈዪ፥ ከነዋሪዎች መዝገብ መሰረዝ ግዴታሽ ነው፤ ስትመለሺ መርማሪው የሚያየው አገር ለቅቃ የተሰረዘች፥ ሥራ የሌላት፥ የ2016 ወረቀት የጎደላት ሴት ናት። ዛሬ ግን ሥራ ያላት፥ አድራሻ ያላት ነርስ ነሽ። ክፍያውም ዜጎች ለመሰሉ መታወቂያ ከሚከፍሉት እንዳይበልጥ በሕግ የተወሰነ ነው።

ነርሷ፦ ሕግ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ከተንጠለጠለ፥ መብቱ በራሱ ደረሰሽ ማለቱ ለመጽናናት ይመስለኛል። ወርኃ ጽጌ ነውና፥ እመቤታችን ልጇን ይዛ በግብፅ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጣ ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ፥ ግብፅ የዓመት ደመወዝ መግለጫ አልጠየቀቻትም።

አዛውንቱ፦ በዚህ ሕግ ቢሆንማ አምስቱም አልሞላላትም ነበር። ቀልዱን ትተን ግን፥ ወረቀት ነገሩን የሚያድንበትም የሚያጠፋበትም ጊዜ እንዳለ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም ይልቅ ማወቅ ይገባናል። በ1993 ለኤርትራ ሪፈረንደም ተመዝግበው ካርድ የወሰዱ ብዙ ሰዎች በኢትዮጵያ እንደ ዜጋ መኖራቸውን ቀጠሉ፤ በ1998 የሁለቱ አገሮች ጦርነት በተነሣ ጊዜ ያው ምዝገባ ዜግነታቸውን እንደ ለወጡ ማስረጃ ሆኖ ቀረበባቸው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ሔግ በተሰየመው የካሣ ኮሚሽን ፊት ደረሰ፤ ኮሚሽኑም በዲሴምበር 17 ቀን 2004 በሰጠው ፍርድ እነዚያ ሰዎች የሁለቱም አገር ዜግነት እንደ ነበራቸው ተቀብሎ፥ ኢትዮጵያ ከአንዳንዶቹ ዜግነቱን ያነሣችበትን መንገድ ሕጋዊ፥ ከሌሎቹ ያነሣችበትን ግን ከሕግ ውጭ ብሎ ለየው። ይህን የማነሣው ሰው በጸጥታ ጊዜ ካርዱን ሲቀበልም ሲተወውም ኋላ ምን እንደሚያመጣበት አስቦ አለመሆኑን እንድታዪው ነው። እንግሊዞቹም በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖረው አንዲት ወረቀት ሳያወጡ፥ መንግሥታቸው ከኅብረቱ በወጣ ጊዜ እስከ ኦክቶበር 1 ቀን 2021 ድረስ ማመልከት ግድ ሆነባቸው።

ነርሷ፦ ይህ ሁሉ ከሚሆን የሆላንድን ዜግነት ለምን አልጠይቅም?

አዛውንቱ፦ መጠየቁን ትችያለሽ፤ ነገር ግን ይህ አገር፥ ልዩ ምክንያት ካልተገኘ በቀር፥ ዜግነቱን ሲሰጥ የቀድሞውን ተዪ ይላል። ስዊድን ከ2001 ጀምሮ ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፤ ሆላንድ ግን የስዊድኑን አስመልሳ ነው የራሷን የምትሰጥሽ። የኢትዮጵያን ዜግነት ደግሞ ቀድሞ ትተሽዋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት ያገኘውን ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጥረዋልና።

ነርሷ፦ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ አለኝ። ቦሌ ስደርስ ቪዛ አልጠየቅም፤ ብፈልግ እሠራለሁ፥ ቤትም ይኖረኛል። ግን አልመርጥም፥ አልመረጥም። እዚህም የሮተርዳምን ምክር ቤት እመርጣለሁ እንጂ የአገሩን ፓርላማ አልመርጥም። ስዊድን ደግሞ ፓርላማዋን እመርጣለሁ፥ የምኖረው ግን እዚያ አይደለም። ሦስት መንግሥት ተካፍሎኝ አንዱም ሙሉውን አልወሰደኝም።

አዛውንቱ፦ ብታማርሪ አልፈርድብሽም፤ ነገር ግን ከብዙ ሰው ይልቅ የተሻለ ድርሻ እንደ ደረሰሽም እወቂው። እኔ የሆላንድ ዜጋ ነኝ። የወንድሜ ልጅም እንደ እኔ ዜጋ ሆኖ ሳለ፥ ሚስቱን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ሲነሣ በ2006 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ያዘው፤ ልጅቷ ገና አገሯ ሳለች፥ በሆላንድ ኤምባሲ ተቀምጣ የሆላንድኛ ቋንቋና የአገሩን ነገር መፈተን ነበረባት፤ እሱም የሕጉን ያህል ገቢ ማሳየት ነበረበት። ወድቃ ደግማ ተፈተነች። ያንቺ ባል ከባሕር ዳር ሲመጣ ማን ፈተነው?

ነርሷ፦ ማንም። በፌብሩዋሪ 2021 መጣ፤ ጋብቻችንንና የእኔን ሥራ ብቻ ነው የጠየቁን።

አዛውንቱ፦ አየሽ! የስዊድን ዜጋ በሮተርዳም ተቀምጣ ባሏን ያለ ፈተና ታመጣለች፥ የሮተርዳም ተወላጅ የሆነ ሆላንዳዊ ግን ሚስቱን በፈተና ያመጣል። ምክንያቱም አንቺ ድንበር ተሻግረሽ በኅብረቱ ሕግ ጥላ ሥር ገብተሻል፥ እሱ ግን ከቤቱ ስላልወጣ የገዛ አገሩ ሕግ ብቻ ነው የሚገዛው። ይህን የተረዱ ሆላንዳውያን ወደ አንትወርፕ ተሻግረው፥ እዚያ ቤት ተከራይተው ከሚስቶቻቸው ጋር ይኖሩና፥ የኅብረቱን መብት ለብሰው ይመለሳሉ፤ የቤልጂክ መንገድ ይሉታል። የገዛ ዜጋውን ከባዕድ ያሳነሰ ሕግ እንዴት በሰላም ተቀምጦ እንደሚኖር እኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ግን ተቀምጦ ይኖራል።

ነርሷ፦ የባሌ አምስት ዓመት በመጪው ፌብሩዋሪ ይሞላል። እሱም ያን ጊዜ ዘላቂውን ያገኛል ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ ያገኛል፤ በየዐሥር ዓመቱ የሚታደስ ካርድ ይሰጠዋል፤ የቋንቋ ፈተናም አይጠየቅም። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የእሱ መብት በራሱ እግር የቆመ አይደለም፥ የአንቺን ተደግፎ ነው የቆመው። አንቺ ሥራሽን ለቅቀሽ፥ ከመዝገብ ተሰርዘሽ ከአገር የወጣሽ እንደ ሆነ፥ ከኅብረቱ ውጭ ያለ አገር ዜጋ የሆነው ባልሽ የተደገፈው ነገር ይነሣበታል። የ2022ቱንም የሰባት ወር መለየትሽን በእሱ በኩል የሚያነሣ መርማሪ ቢመጣ፥ መልሱ ያን ጊዜ የሚስቱ መብት ዘላቂ ነበረ የሚል ነው፤ ያንንም የሚያስረዳው ያንቺ ወረቀት ነው። ስለዚህ ያንቺ ማመልከቻ በዚህ ሳምንት ይግባ፤ በሮተርዳምም ሆነ በሔግ ወይም በአምስተርዳም ባለው መስኮት ቢጠሩሽ ሂጂ፥ የኡ.ዌ.ፌ.ን ዝርዝር ከላይ አድርጊው፥ የ2016ን ነገር በአንድ ገጽ ደብዳቤ ራስሽ ቀድመሽ አስረጂ፤ መርማሪ ራሱ ካገኘው ጉድለት አስቀድመው የነገሩት ይቀልላል። የእሱ ደግሞ ፌብሩዋሪ እንዳለፈ በማግሥቱ።

ነርሷ፦ እናቴስ? እስከ ፌብሩዋሪ ጠብቂኝ ልበላት?

አዛውንቱ፦ አትበያት። ለገና ሂጂ፤ ዕረፍትሽን ጠይቀሽ እንጂ ሥራሽን ለቅቀሽ አይሁን፤ ከመዝገብም አትሰረዢ። ሁለት ወር ብትቈዪ ማንም አይናገርሽም። በፌብሩዋሪ ተመለሺ፥ የሱን ማመልከቻ አብራችሁ አስገቡ፥ ካርዱን እስኪቀበል ጠብቂ፥ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል፥ ከሁለት ዓመት በታች፥ ከእናትሽ ጋር ተቀመጪ።

ነርሷ፦ ሁለት ጊዜ ቲኬት መቍረጥ ነው እኮ፥ አባባ።

አዛውንቱ፦ አዎን፥ ሁለት ጊዜ ነው።